አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» በሥራ በተጠመደ አድማጭ ጆሮ

ስለ ሙዚቃ የሚጻፍ ሂስ ብዙውን ጊዜ አንድ ያልተነገረ ግምት ይዞ ይነሣል። ይኸውም አድማጩ የዕለት ሥራውን ፈጽሞ፣ ወንበር ስቦ፣ በሩን ዘግቶ፣ ሙሉ ልቡን ለሙዚቃው ሰጥቶ ያዳምጣል የሚለው ግምት ነው። እንዲህ ያለ አድማጭ የለም ማለት አይቻልም፤ ቁጥሩ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ሙዚቃ የሚሰማው በሥራና በሥራ መካከል፣ በጉዞና በሰልፍ ላይ፣ ልጅ እያባበለ፣ ድስት እየጠበቀ፣ ሒሳብ እየደመረ ነው። ስለዚህ አንድ የሙዚቃ ሥራ በባለሙያ ሚዛን ብቻ ሳይሆን፣ ጊዜ ወደሌለው ሰው ልብ በምን መንገድና በምን ያህል ትዕግሥት እንደሚደርስ ጭምር ሊመዘን ይገባዋል።

ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው «ኤርታሌ» የተሰኘው የመጀመሪያ አልበም ለእንዲህ ዓይነቱ ምዘና የሚመች ሥራ ነው። አልበሙ ሮክ ነው፤ ሮክ ደግሞ በባሕርዩ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚመጣ፣ አድማጩ ዝግጁ ይሁን አይሁን የማይጠይቅ የሙዚቃ ዓይነት ነው። የሚዘፈነው በአማርኛ ነው፤ የአማርኛ ዘፈን ደግሞ ቃሉ ተለይቶ እንዲሰማ፣ ሰሙም ከወርቁ እንዲለይ የሚፈልግ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተስማምተዋልን? ተስማምተው እንደሆነስ፣ በጥድፊያ ኑሮ ውስጥ የሚገኘው አድማጭ ስምምነታቸውን በምን ያውቀዋል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ለምሳሌ ያህል በመካኒሳ አቦ የሚኖር አንድ መምህር ይወሰድ። ስሙ አያስፈልግም፤ ብጤዎቹ በየሰፈሩ ሞልተዋልና። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ሕዝቡ «አቦ» እያለ ከሚጠራቸው ከጻድቁ ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው፤ ወር በገባ በ5ኛው ቀን ነጠላ የለበሰ ምእመን መንገዱን ይሞላዋል። መምህሩ ገና ሳይነጋ ይነሣል። ልጆቹን ለትምህርት ያሰናዳል፤ ከታክሲ ሰልፍ ይቆማል፤ በሳር ቤት በኩል አድርጎ ወደ ሜክሲኮ ይጓዛል። ጠዋት ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላም ሁለተኛው ፈረቃ ይጠብቀዋል። ማታ የተማሪ ደብተር ያርማል። የራሱ የሆነ አንድ ሰዓት ቢፈለግ ከቀኑ ውስጥ አይገኝም። ሙዚቃ ይወዳል፤ በወጣትነቱ የሮሃ ባንድ ያጀባቸውን ካሴቶች በእርሳስ እያጠነጠነ ደጋግሞ ያደምጥ ነበር። ዕድሜና ኃላፊነት ሲጨመሩ ግን ሙዚቃ ለእርሱ ሌላ ሰው ከፍቶት በአጠገቡ የሚያልፍ ነገር ሆኗል። እንዲህ ያለው ሰው ከአንድ አዲስ አልበም ጋር ፍቅር ሊይዘው የሚችለው እንዴት ነው?

አቦል

የመጀመሪያው ግንኙነት በታክሲ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎታል። የሻከረ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ከድራም ጋር ገጥሞ መስኮቱን ያርገበግበዋል፤ በላዩም ላይ የሴትና የወንድ ድምፆች እየተፈራረቁ ይወጣሉ። ከኋላ የተቀመጡ እናት፣ «ልጄ፣ እስቲ እሱን ነገር ቀነስ አድርግልን» ይላሉ። ረዳቱ ይስቃል፤ ሹፌሩም በትሕትና ይቀንሳል። መምህሩ ከእናቲቱ ጋር ይስማማል። በልቡ የሚሰጠው ፍርድ አጭር ነው፤ የፈረንጅ ጩኸት በአማርኛ የሚል። ሳር ቤት ሲደርስም ረስቶታል።

ይህ ፍርድ የመምህሩ ብቻ አይደለም። አንድ ባዕድ የሙዚቃ ዓይነት በአገር ቋንቋ ሲቀርብ የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ቅጂ ነው ወይስ ፈጠራ የሚለው ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ከባድ ጊታር፣ ረጅም ጸጉር፣ ጥቁር ቆዳ ልብስና የመድረክ ዝላይ ከነሙሉ ሥርዓታቸው ተገልብጠው ቢመጡና ቃሉ ብቻ አማርኛ ቢሆን፣ የተሠራው ሥራ የትርጉም ሥራ እንጂ ድርሰት አይሆንም። የሥነ ጥበብ ሰው ከውጭ መውሰዱ ነውር አይደለም፤ ወስዶ ምን አደረገበት የሚለው ግን ሊጠየቅ ይገባዋል።

ይሁንና የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ በዚህ ጥያቄ ላይ ጥንቃቄ እንዲደረግ ያስተምራል። ራስ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የናስ መሣሪያ ሲነፉ፣ ያ ድምፅ ለአዲስ አበባ ሰው ከዋሽንትና ከመለከት እጅግ የራቀ እንግዳ ነበር። ከዚያ በኋላ በክብር ዘበኛና በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ በአገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር መድረኮች ላይ ጥሩምባና ሳክስፎን ከትዝታና ከአምባሰል ጋር ተላመዱ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬ የአገር ቅርስ ተብለው ይጠቀሳሉ። በእነዚያ ሸክላዎች ላይ የሚሰማው ሳክስፎን ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ዛሬ የሚያነሣ አድማጭ ብዙም የለም። እንግዳው መሣሪያ ቤተኛ የሆነው የውጭ ልብሱን ስላወለቀ ሳይሆን፣ የአገሩን ቅኝት መናገር ስለተማረ ነው። ስለዚህ ስለ ጊታሩ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ከየት መጣ የሚለው ሳይሆን ምን ተናገረ የሚለው ነው።

የባንዱ አመሠራረትም ለዚሁ ጥያቄ በር ይከፍታል። ጃኖ ጥበቡ ሰፋ ያለ ቀይ መስመር ያለው፣ ቀድሞ መኳንንት ይለብሱት የነበረ የሸማ ልብስ ነው። ኤርታሌ ደግሞ በአፋር የሚገኝ፣ ከፍታው 613 ሜትር የሆነ፣ በአናቱ ላይ ባለው የቀለጠ ዓለት ሐይቅ ለረጅም ዘመን በዓለም የታወቀ እሳተ ገሞራ ነው። ስሙና ርእሱ የአገር ናቸው። የአልበሙ ፕሮዲዩሰር ግን አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1983 ከሄርቢ ሃንኮክ ጋር «ፊውቸር ሾክ» የተባለውን አልበም የሠራ፣ በ2001 ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የተሰኘ አልበም ያዘጋጀ ሰው ነው። ስለሆነም ለኢትዮጵያ ዜማ አዲስ ጆሮ አልነበረም። ባንዱን ያስተዳድር የነበረው አዲስ ገሠሠም ከውጭው ዓለም የሙዚቃ ሥራ ጋር የቆየ ትውውቅ ያለው ሰው ነበር። እንግዲህ ሥራው ከመነሻው ሁለት አገር የረገጠ ነው። ይህ በራሱ ምስጋናም ወቀሳም አያስከትልም፤ ፍርዱ የሚገኘው ከድምፁ ውስጥ ነው።

ቶና

ሁለተኛው ግንኙነት በማታ ነው። መምህሩ በጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ደብተር ያርማል፤ በኩር ልጁ ከጓደኛው የቀዳውን አልበም በአጠገቡ ከፍቷል። አባት ድምፁን እንዲቀንስ ያዘዋል፤ ልጁም ይቀንሳል። ምስጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድምፁ ሲቀንስ ጩኸቱ ይሄድና ዜማው ይቀራል። መምህሩ አሥራ አምስተኛውን ደብተር እያረመ ሳለ እግሩ ወለሉን መምታት ጀምሯል። ቀዩ እስክሪብቶ ይቆማል። ጆሮው አንድ የሚያውቀው ነገር አግኝቷል፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው ሊናገር አይችልም።

ያገኘው ነገር በሙዚቃ ሕግ ሊብራራ የሚችል ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ሙዚቃ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች ላይ የቆሙ ናቸው። ሮክ ከብሉዝ የወረሰው ዋና የጊታር ስኬልም አምስት ድምፅ ነው። ከዚህም አልፎ ባቲ ማይነር የሚባለው ቅኝት በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ከዚያ ከብሉዝ ስኬል ጋር አንድ ነው። የሚሲሲፒ ጥቁር ገበሬና የወሎ አዝማሪ ሳይተዋወቁ በአንድ ደረጃ ላይ ወጥተዋል ማለት ይቻላል። እንግዲህ አንድ የሮክ ጊታሪስት በባቲ ሲጫወት ጣቶቹ ወደ ባዕድ አገር መሰደድ አያስፈልጋቸውም፤ የሚለየው ድምፁን የሚያሳርፍበት ቦታ፣ የሚያርገበግብበት መንገድና የዜማው አነጋገር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የኅብረ ድምፅ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ባህላዊ ዜማ በመሠረቱ ባለ አንድ መስመር ነው፤ እንደ አውሮፓ ሙዚቃ ሦስትና አራት ድምፅ ደርቦ አይሄድም። የናስ ኦርኬስትራ ቀማሪዎችን ለብዙ ዘመን ያስቸገራቸውም ይኸው ነበር፤ በአገሩ ዜማ ሥር የአውሮፓን ኮርድ ሲዘረጉ ቅኝቱ መልኩን ይለውጥባቸዋል። ከባድ የሮክ ጊታር ግን ድምፁ ስለሚሻክር ሙሉ ኮርድ አይወድም፤ ሙሉ ኮርድ ሲመታ ይደፈርሳል። ስለዚህ ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ ይመታል፤ የደስታና የኀዘን መልክ የሚሰጠውን ሦስተኛውን ድምፅ ይተወዋል። በዚህ ምክንያት ቅኝቱ በጊታሩ ላይ በነፃነት ይራመዳል። ሮክ በጉልበቱ ምክንያት የአገሩን ዜማ ይጫነዋል ተብሎ ቢፈራም፣ በዚህ ረገድ ከናስ ኦርኬስትራው ይልቅ ቦታ ይለቅለታል። ለዚህም ገደብ አለው። በአንቺሆዬ አምስተኛው ድምፅ በግማሽ ዝቅ ስለሚል፣ የተለመደው የጊታር አመታት ከዜማው ጋር ይጋጫል፤ እዚያ ላይ ቀማሪው ሌላ ብልሃት መፈለግ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ምክንያት የሻከረው ድምፅ ራሱ ነው። የኢትዮጵያ ጆሮ ለሚያንዛርር ጅማት እንግዳ አይደለም። የበገና አሥር ጅማቶች በብርኩማው ላይ በተጣፈ ቁራጭ ቆዳ፣ ማለትም በእንዚራው፣ ምክንያት ጥርት ያለ ድምፅ ሳይሆን የሚያንዛርር ድምፅ ይሰጣሉ፤ ያ ድምፅም የበገና ክብር እንጂ ጉድለት አይደለም። በገና የጸሎት፣ ሮክ የመድረክ ሙዚቃ ነው፤ ሁለቱን በመንፈስ ማመሳሰል አይገባም። ነገር ግን ጥርት ያለ ድምፅ ብቻ ውብ ነው የሚለው ሚዛን በዚህ አገር ከጥንትም አልነበረም። መምህሩ በታክሲው ውስጥ ጩኸት ብሎ ያለፈውን ማታ በቀስታ ሲሰማው ያልጎረበጠው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ምቱም እንዲሁ ነው። የአገሩ የጭፈራ ምት፣ በተለምዶ ቺክቺካ የሚባለው፣ በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል፤ በሦስትና በሁለት መካከል ትከሻን የሚያወዛውዘው ግፊያ ከዚያ ይመነጫል። የተለመደው ሮክ ደግሞ አራት አራት እየመታ፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን እያጠበቀ ይራመዳል። የአማርኛ ሮክ ዋና ፈተና እነዚህን ሁለት እርምጃዎች ማስማማት ነው። «ኤርታሌ» ብርታቱን የሚያሳየው ድራሙ ከከበሮው ጠባይ ሲበደር ነው፤ የሚዳከመውም ምቱ ከማንኛውም አገር ሊመጣ የሚችል ቀጥተኛ አራት ሲሆን ነው።

የባንዱን የድምፅ አደራጀት በተመለከተም ሊጠቀስ የሚገባው ነጥብ አለ። ጃኖ በአንድ ድምፃዊ ስም የቆመ አይደለም። ኃይሉ አመርጋ፣ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ ዜማውን ተከፋፍለው ይዘውታል። ይህ አደራጀት ከሮክ ባሕል ይልቅ ለሠርግ ቤትና ለዓውደ ዓመት ጭፈራ ይቀርባል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። «ዳሪኝ» የተሰኘው ዘፈን ርእሱን ከመዳርና ከመኳል ወግ መውሰዱም ያለ ምክንያት አይመስልም። በሥራ የተጠመደው አድማጭ ዘፈኑን ከመካከሉ ቢደርስበት እንኳ በቀላሉ የሚገባበት በር የሚያገኘው በዚህ ቅብብል ነው፤ ተቀባይ ባለበት ዘፈን ውስጥ ለአድማጩም የተቀባይነት ቦታ ይተርፈዋልና።

በረካ

ሦስተኛው ግንኙነት በእሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መምህሩ በሳምንቱ ውስጥ ከሜክሲኮ አካባቢ ከሙዚቃ ቤት አልበሙን በገንዘቡ ገዝቶታል። ልጁ የቀዳው ቅጂ ቤት ውስጥ እያለ መግዛቱ ለአንዳንዱ ሰው ሞኝነት ሊመስል ይችላል፤ ለሚወዱት ነገር ዋጋ መክፈል ግን የፍቅር የመጀመሪያው ምልክት ነው። ባለቤቱ ቡና ትቆላለች፤ ዕጣኑ ይጤሳል። መምህሩ አልበሙን ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ሳያቋርጥ ይከፍተዋል። አቦል ሲወርድ ባለቤቱ ፊቷን ታጠቁራለች። ቶና ላይ ዝም ብላ ታደምጣለች። በረካ ላይ፣ «ሴቶቹ እኮ ለወንዶቹ መልስ እየሰጡ ነው» ትላለች። መምህሩ በሁለት ሳምንት ያስተዋለውን እርሷ በሦስት ስኒ ደርሳበታለች።

መምህሩ በዚያ ቀን የተረዳው፣ አልበም ማለት የዘፈኖች ክምር አለመሆኑን ነው። በታክሲ ውስጥ የሰማው ቁራጭ ከፊቱ ምን እንደነበረ፣ ከኋላውም ምን እንደሚከተል አያውቅም ነበር። «አይራቅ»ን የመሰለ ዘፈን ለብቻው ሲሰማና በሌሎቹ መካከል ሲሰማ አንድ አይደለም፤ ከባዱ የሚከብደው ቀለል ያለው ስላለ፣ ቀለል ያለውም የሚያሳርፈው ከባዱ ስላለፈ ነው። ቅደም ተከተሉ ራሱ የድርሰቱ ክፍል ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ያልተቆራረጠ ጊዜ ያስፈልጋል። ሥራ የበዛበት ሰው የሚጎድለውም ይኸው ነው። ስለዚህ የአልበም ወዳጅነት ለእንዲህ ያለው ሰው ጊዜ ሲተርፈው የሚያደርገው ሳይሆን፣ ከሌላ ነገር ቀንሶ የሚከፍለው ዋጋ ነው። ሥራው ለዚያ ዋጋ ይበቃል አይበቃም የሚለው የሂስ ዋና ጥያቄ ሊሆን ይገባዋል። «ኤርታሌ» በጠቅላላው ይበቃል።

ይህ ማለት ግን አልበሙ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጉድለት ቃሉ በድምፁ መዋጡ ነው። አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም የሚለውጥ ቋንቋ ነው፤ «አለ» ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል። በጽሑፍ አንድ የሆነው ቃል በአፍ ይለያል፤ በከባድ ምት ሥር ግን ይህ ልዩነት በቀላሉ ይጠፋል። ምቱ የቃሉን ላላ ፊደል ሲያጠብቀው አድማጩ ለቅጽበት ይደናገራል፤ ያን ቃል ሲያስብም የሚቀጥለው ስንኝ ያመልጠዋል። አራት ድምፃውያን በአንድነት ሲያነሱት ደግሞ ቃሉ ይበልጥ ይወፍራል። የእንግሊዝኛ ሮክ አድማጭ ስንኙ ባይገባው በዜማው ሊረካ ይችል ይሆናል፤ የአማርኛ ዘፈን አድማጭ ግን ግጥሙን ካላገኘ ግማሹ እንደቀረበት ይቆጥረዋል። ይህ የአድማጩ ግትርነት ሳይሆን የባሕሉ ጠባይ ስለሆነ ቀማሪውና የድምፅ ባለሙያው ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የጉልበት መመጣጠን ነው። እሳተ ገሞራ ሁልጊዜ አይፈነዳም፤ ኤርታሌን ያስደነቀው ለረጅም ዘመን በጸጥታ መንቀልቀሉ ነው። አልበሙ ግን አንዳንድ ቦታ ላይ ፍንዳታውን ከመንቀልቀሉ አስበልጧል። ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንት የሚያውቁት ጸጥታ፣ በሁለት ስንኝ መካከል ያለው ባዶ ቦታ፣ በሮክም ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ እንዲያውም ከባዱ ድምፅ የሚከብደው ከጸጥታ በኋላ ሲመጣ ነው። ሦስተኛውም ግጥሞቹ በጉልበት ሁሉ ከዜማው እኩል አለመራመዳቸው ነው። ይህን ያህል አዲስ የሆነ የድምፅ ልብስ አንዳንዴ ከተለመደ ቃል በላይ ያስመኛል።

እነዚህ ጉድለቶች ቢኖሩም የአልበሙን ዋና አስተዋጽኦ አይሽሩትም። ይህ አስተዋጽኦ ባንድን ዳግመኛ የሥራው ባለቤት ማድረጉ ነው። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም ሲያወጣ ባንድ በራሱ ስም ሊቆም እንደሚችል አሳይቶ ነበር። አይቤክስና ሮሃም በአንድ ላይ ለዓመታት የሠሩ ሙዚቀኞች ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጡ አስመስክረዋል። የካሴት ዘመን ሲስፋፋ ግን የሽፋኑ ፎቶግራፍ የድምፃዊው ሆነ፤ የባንዱ ስም በትንሽ ፊደል ከግርጌ ተጻፈ። ቀጥሎም አንድ ኪቦርድ የድራሙን፣ የቤዙንና የነፋስ መሣሪያውን ቦታ ተክቶ መሥራት ሲችል ብዙ ሥራ በአንድ ሰው ቅንብር ተጠቃለለ። ይህ ወጪን ቀንሷል፤ በዚህም መንገድ ውብ ሥራዎች ተሠርተዋል። የቀረው ነገር ግን ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ እየተደማመጡ ሲጫወቱ ብቻ የሚገኘው ነገር ነው። ድራመኛው ቤዙን ሲጠብቅ፣ ጊታሩ ለድምፃዊቷ ቦታ ሲለቅ የሚፈጠረው ትንፋሽ በኪቦርድ አይተካም። ጃኖ ይህን መልሶ አምጥቷል፤ መምህሩም በእሑዱ ቡና ላይ የሰማው፣ ስሙን ባያውቅም፣ ያንን ትንፋሽ ነው። በወጣትነቱ ከሮሃ ካሴቶች ይሰማው የነበረውም እርሱ ነበርና።

ነገር ግን ባንድ በፍቅር ብቻ አይኖርም። ብዙ ሰዎች የሚካፈሉት ገቢ፣ የልምምድ ቦታ፣ መሣሪያና መድረክ ያስፈልገዋል። አንድ አልበም በአንድ ሌሊት በሺህ ስልክ ላይ ሊቀዳ በሚችልበት ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ብዙ አባላት ያሉት ባንድ ነው፤ ኪሳራውም ገቢውም የሚካፈለው ለብዙ ነውና። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏልም። ሕግ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ መከበሩ ግን የአድማጩ ኅሊና ጉዳይ ነው። የጃኖ ሁለተኛ አልበም «ለራስህ ነው» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በሁለቱ አልበሞች መካከል ስድስት ዓመት አለፈ። አንድ ባንድ በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሊናገር ይችል እንደነበር የሚያስብ ሁሉ፣ ባንድን ለማኖር የሚያስፈልገው ድጋፍ ምን ያህል እንደሆነም ሊያስብ ይገባዋል።

በዚህ ረገድ በተስፋ የሚጠቀሱ ነገሮች አሉ። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዐሥርተ ዓመታት ባለሙያ ሲያወጣ ቆይቷል። መምህሩ በሚኖርበት በመካኒሳም የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጣቶችን በጊታር፣ በቤዝ፣ በድራምና በኪቦርድ አሠልጥኗል። ከእነዚህ የሚወጣው ወጣት የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ የሚለማመድበት ቦታና የሚሰማው ሰው። የመጀመሪያውን የባህልና የወጣቶች ማዕከላት ኃላፊዎች፣ አዳራሾቻቸውን ከስብሰባ ውጭ ባለው ጊዜ ለባንዶች ልምምድ በመፍቀድ፣ ያለ ብዙ ወጪ ሊሰጡት ይችላሉ። ሁለተኛውን ለመስጠት መምህራን ሁነኛ ቦታ አላቸው። የቅኝት ትምህርት በሰሌዳ ላይ በቃል ብቻ ከሚነገር፣ ተማሪው በሚወደው ዘፈን ውስጥ ባቲን ፈልጎ እንዲያገኝ ቢደረግ፣ ትምህርቱ ከክፍል አልፎ ከታክሲው ውስጥ ይከተለዋል።

ለሂስ ጸሐፊዎችም ከመምህሩ የሚቀሰም ነገር አለ። በታክሲው ውስጥ የሰጠው ፍርድ ሐሰት አልነበረም፤ የሰማውን ያህል ፈርዷል። ጥፋቱ የሚሆነው ያንን ፍርድ የመጨረሻ ቢያደርገው ነበር። በጋዜጣና በሬዲዮ የሚሰጥ ፈጣን አስተያየት ብዙውን ጊዜ የአቦል አስተያየት ነው። አዲስ የሆነ ነገር በመጀመሪያው ስኒ ይመርራል፤ ባዶ የሆነ ነገር ደግሞ በመጀመሪያው ስኒ ይጣፍጥና በቶናው ይቀጥናል። ሁለቱን ለመለየት ሦስተኛውን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሳይጠበቅ የተጻፈ ሂስ የአንድን ወጣት ባንድ በር ሊዘጋ ይችላል፤ የተዘጋውን በር መልሶ ለመክፈት ደግሞ ስድስት ዓመትም ላይበቃ ይችላል።

ዛሬ ሙዚቃ የሚሰማው በአብዛኛው በስልክ፣ አንድ በአንድ፣ በሌላ ምርጫ ቅደም ተከተል ነው። የሙዚቃ ቤቶች በየመንገዱ ዳር ድምፅ ማጉያ ሰቅለው አዲስ አልበም ያስተዋውቁበት የነበረው ጊዜ አልፏል። አንድ ሙሉ አልበም ከዳር እስከ ዳር ማድመጥ ከቀድሞው ይበልጥ ከባድ ሆኗል፤ በዚያው መጠን የሚሰጠው ፍሬ ከፍ ብሏል። የመካኒሳ አቦው መምህር ለዚህ የተለየ ብልሃት አላገኘም። ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዱ ከታክሲ ሰልፍ ይቆማል፤ የሚታረመው ደብተርም አልቀነሰም። ነገር ግን ታክሲው ሲመጣ ያው የሻከረ ጊታር ከውስጥ ይሰማል፤ አንድ ተሳፋሪም እንዲቀነስ ይጠይቃል። መምህሩ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ቀጣዩን ዘፈን ይጠብቃል፤ የትኛው እንደሚከተል አሁን ያውቃልና።